ያልጠራው ስልክ

ዓቢዳ ሰኞ ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ደብተሯን አቅፋ ከቤት ወጣች። ትምህርት ቤት አልደረሰችም። ማታም አልተመለሰችም።

ረቡዕ ረፋድ ላይ አባቷ እንድሪስና አጎቷ ዓሪፍ ከወልድያ መናኸሪያ ጀርባ ካለችው የመቅደላ ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ ቆሙ።

ሱቋ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። አንድ ኮፒ ማሽን፣ ሁለት ፕሪንተር፣ ለጉርድ ፎቶ የተወጠረ ሰማያዊ ጨርቅ። ሰው አይጠፋባትም። ገበሬው የይዞታ ደብተሩን ኮፒ ያስደርጋል፣ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ያስጠርዛል፣ ሥራ ፈላጊው ማመልከቻ ያስጽፋል። ያን ቀንም ሰልፍ ነበር። ሽማግሌው አባት ግን ሰልፉን ያዩት አይመስሉም። በሰው መሀል አልፈው ባለሱቋ መቅደላ ፊት ቆሙ።

«የኔ ልጅ፣ የጠፋ ሰው ወረቀት ትሠራለች አሉኝ።»

«እሠራለሁ ጋሼ። ማን ነው የጠፋብዎ?»

«ልጄ።»

አንዱ ተማሪ ወንበሩን ለቀቀላቸው። አልተቀመጡም።

ፎቶው ዓሪፍ ስልክ ውስጥ ነበር። መቅደላ ወደ ኮምፒውተሯ አሳለፈችው። ቀጭን ፊት፣ ሰፊ ግንባር፣ ሣቅ የያዘ ከንፈር። ዕድሜ አሥራ ስድስት። የለበሰችው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም።

«ስልክ ቁጥር?»

ጋሽ እንድሪስ ማንበብ አይችሉም። ቁጥራቸውን ግን እንደ ዱዓ በቃላቸው ይዘውታል። ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ በአንድ ጠሩላት። መቅደላ ጻፈችው፣ መልሳ አነበበችላቸው።

«እሱ ነው» አሉ። «ከእጄ አይለይም። ሌሊትም ቢሆን አነሳዋለሁ በይና ጻፊበት።»

ዓሪፍ ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ በከተማው ውስጥ የልብስ ሱቅ ያለው ሰው ነው። ዓቢዳ ለትምህርት ብላ ከመርሳ ገጠር ከመጣች ጀምሮ የምትኖረው እሱ ቤት ነበር።

«አደራ ነበረችብኝ» አለ በቀስታ። «አደራዬን በላሁ።»

«ተው ዓሪፍ» አሉት ወንድሙ። «አንተ ምን ታደርግ?»

ጋሽ እንድሪስ ከወረቀቱ ጥቂቱን ይዘው ወደ ውርጌሳና ወደ መርሳ ሄዱ። የቀረውን ዓሪፍ ወሰደ። ከተማውን እኔ አዳርሳለሁ፣ ቢያንሰኝ ኮፒ አስደርጋለሁ አለ። መቅደላ አንዱን ከራሷ በር ላይ ለጠፈችው።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ።

ጋሽ እንድሪስ ከገጠር ተመልሰው ወንድማቸው ቤት ሰነበቱ። በየጠዋቱ እየመጡ ስልካቸውን መቅደላ ሱቅ ቻርጅ ያደርጋሉ። ስልኩን ሲነቅሉ ሁልጊዜ ይጠይቋታል።

«እስቲ ደውይበት። ይሠራል?»

ትደውላለች። ስልኩ እጃቸው ላይ ይጮኻል። ሲጮኽ ፊታቸው ለአንዲት ቅጽበት ይበራል፤ የምትደውለው እሷ መሆኗን እያወቁ። ከዚያ ይዘጉታል።

«ይሠራል» ይላሉ።

«ይሠራል ጋሼ።»

«ታዲያ ሰው ምን ሆነ? በዚህ ሁሉ አገር አንድ ያያት ሰው ይጥፋ?»

ፖሊስ ጣቢያም ብዙ አዲስ ነገር አልነበረም። የታወቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት ዓቢዳ ከሰፈሯ የተሳፈረችው በበላይ ባጃጅ ነው። በላይ መቅደላ ሱቅ ፊት ለፊት ተራ የሚጠብቅ ልጅ እግር ሹፌር ነው። መናኸሪያ አውርጃት ተመለስኩ ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። የት እንደምትሄድ አልጠየቃትም።

አንድ ጠዋት ጋሽ እንድሪስ ቻርጁን እየጠበቁ ስለ ወንድማቸው አወሩላት።

«ዓሪፍም የራሱ ጭንቅ አለበት። ልጁ ኢሳቅ አምና በበረሃ አድርጎ ወደ ዓረብ አገር ሄደ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። እናቱ ሩቂያ እህል አይወርድላትም። እሱ ግን ያንን ችሎ ለኔ ይሮጣል። አላህ ይስጠው።»

በሩ ላይ ካለው ወረቀት ዓቢዳ ታያታለች። ሰው ሲገባና ሲወጣ በሩ ይወዛወዛል፣ ልጅቱም አብራ ትወዛወዛለች።

በሁለተኛው ሰኞ ወንዳወቅ መጣ። የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ የፈተና ወረቀቱን የሚያባዛው ሁልጊዜ እዚህ ነው። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመ።

«ይሄን ወረቀት ለምን አታነሺውም?»

«ምን አልክ?»

«ልጅቱ ተገኝታለች እኮ። ቅዳሜ ደውዬላቸው ነበር።»

መቅደላ ከወንበሯ ተነሳች።

«ማን ጋ ነው የደወልከው?»

«ማስታወቂያው ላይ ያለው ስልክ ነዋ። ያን ሰኞ ለሥራ ሐራ ከተማ ሄጄ እዚያ ከሚኒባስ ስትወርድ አይቻት ነበር። ዩኒፎርም ለብሳ ስለነበር ልብ ብያለሁ። ከዚያ ግቢያችን በር ላይ ወረቀቱን ሳይ ደወልኩ። አንድ ሰው አነሳ። ተገኝታለች፣ ቤቷ ገብታለች፣ እናመሰግናለን አለኝ።»

«ሽማግሌ ነው?»

«ሽማግሌ አይመስለኝም። ምነው?»

መቅደላ አልመለሰችለትም። ጋሽ እንድሪስ ዛሬ ጠዋት እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ማንም አልደወለላቸውም።

«ቁጥሩን አሳየኝ።»

ወንዳወቅ ስልኩን ከፈተ። ወረቀቱን ፎቶ አንስቶት ነበር። መቅደላ የእሱን ስልክ በሩ ላይ ካለው ወረቀት ጎን አድርጋ አየች። ፎቶው ያው ነው። ጽሑፉ ያው ነው። ስልክ ቁጥሩ ግን ሌላ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች በቀር የሚገናኝ የለም።

ሮጣ ወጣች። አስፋልቱን ተሻግራ ከኤሌክትሪክ ምሰሶው ላይ አንዱን ገንጥላ አመጣች። እሱም ላይ ያለው ሌላው ቁጥር ነው። በቁጥሩ ዙሪያ ጥላ የመሰለ ቀጭን ግራጫ መስመር አለ። ሰው በሌላ ወረቀት ላይ ቁጥር ጽፎ፣ ቆርጦ፣ በዋናው ላይ ለጥፎበት ኮፒ አስደርጎታል።

ከዚያ ዓይኗ ወደ ታች ወረደ። በቀኝ ጥግ በኩል የጥፍር ጭረት የምታህል ጥቁር ምልክት ነበረች።

ያቺን ምልክት ታውቃታለች። አንድ ደንበኛ የስቴፕለሩን ሽቦ ሳይነቅል ወረቀት ጎትቶ የማሽኗን መስታወት ጭሮባታል። ከዚያ ወዲህ ከዚህ ማሽን የሚወጣ ኮፒ ሁሉ እዚያች ቦታ ላይ ያቺ ጭረት አለችበት። እለውጠዋለሁ እያለች ቆይታለች።

ኮፒው የወጣው ከእሷ ቤት ነው።

ትዝ አላት። ሐሙስ። መብራት ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ውሎ ያን ጊዜ መምጣቱ ነው። ሱቁ በሰው ተጨናንቋል። በላይ እጁን በሰው ትከሻ ላይ አሳልፎ አንድ ወረቀት አቀበላት። «መቅዲ፣ ለጠፋችው ልጅ ነው፣ መቶ አድርጊልኝ» አላት። ወረቀቱን በፊቱ ደፍታ ክዳኑን ዘጋች። አላየችውም። ለሰውየው ጥሩ ሥራ እየሠራች ነበር የመሰላት።

«መቅደላ፣ ምን ሆንሽ?» አለ ወንዳወቅ።

ወረቀቱን አጥፋ ያዘችው። ጭረቷን የምታውቃት እሷ ብቻ ናት። ዝም ብትል የሚጠይቃት የለም። ብትናገር ደግሞ ልጅቱን ያሳጣው ወረቀት ከማን ማሽን ወጣ ለሚለው መልሱ እሷ ልትሆን ነው። ፖሊስ ያምናት ይሆን? ጋሽ እንድሪስስ?

መጋረጃውን ሳበች፣ በሩን ቆለፈች።

«ጣቢያ ድረስ ሸኘኝ» አለችው። «አንተም ያየኸውን ትናገራለህ።»

ሳጅን ሂሩት የጣቢያው መርማሪ ናት። ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ወንዳወቅ የሚያውቀውን ተናግሮ ጨርሷል። አሁን ተራው የመቅደላ ነበር።

«ማሽኑ ያንቺ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«በጭረቷ። ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ።»

«ስለዚህ ያባዛሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ።»

«ቁጥሩን የቀየርሽውስ?»

«አይደለሁም። ያመጡልኝን ነው ያባዛሁት። አላየሁትም።»

«የምታባዢውን አታዪም?»

«ሰው በዝቶ ነበር።»

«ማን አመጣልሽ?»

በላይ ጠዋት ጠዋት የሱቋን መዝጊያ የሚያነሳላት ልጅ ነው።

«መቅደላ፣ ይቺ ልጅ ከጠፋች ሳምንት ሆኗታል። ማን አመጣልሽ?»

«በላይ። ባለ ባጃጁ።»

ሂሩት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ልጅቱን ለመጨረሻ ጊዜ ያሳፈረው በላይ። ወረቀቱን ያመጣው በላይ።

ብዙም ሳይቆይ በላይን ከነባጃጁ ይዘውት መጡ። መቅደላ ከኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ በተከፈተው በር ትሰማለች።

«ወረቀቱን ማን ሰጠህ?»

«ጋሽ ዓሪፍ ናቸው። አጎትየው።»

«ምን ብሎ?»

«መቅደላ ጋ ወስደህ መቶ አስደርግና በየቦታው አዙረህ ለጥፍ አሉኝ። ለጠፍኩ።»

«ቁጥሩን የቀየርከው መች ነው?»

«የምን ቁጥር?»

«አትቀልድ በላይ።»

«ወላዲቷን! በፖስታ ውስጥ ነው የሰጡኝ። አውጥቼ ሰጠኋት። እኔ የማውቀው ይሄን ብቻ ነው።»

«ልጅቱን የት ነው ያደረስካት?»

«መናኸሪያ። ስንቴ ልናገር? ክፉ ቃል እንኳ አልተናገርኳትም፣ ደህና ዋይ ብላኝ ወረደች።» ድምፁ ተሰበረ። «እናቴ ብትሰማ ትሞትብኛለች።»

ቀጥሎ ዓሪፍ ተጠራ። ወንድሙ አብረውት መጥተው ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። የተፈጠረውን ገና የነገራቸው የለም።

«ለበላይ ወረቀት ሰጥተኸዋል?»

«ሰጥቼዋለሁ» አለ ዓሪፍ ሳያንገራግር። «መቅደላ የሠራችውን ዋናውን ነው የሰጠሁት። ምነው?»

«የተለጠፈው ቁጥር የወንድምህ አይደለም።»

ዓሪፍ ወረቀቱን አነሳ። አፉን በእጁ ያዘ።

«ያ ረቢ» አለ። «እንግዲህ ልጁ ነው። እኔ ከእጄ ካወጣሁት በኋላ ምን እንዳደረገበት በምን አውቃለሁ? ወይም እዚያው ኮፒ ቤቷ...» ወደ በሩ ዞር አለ። ዓይኑ ከመቅደላ ዓይን ጋር ተጋጨ። «ሰውን መወንጀል አልፈልግም። እናንተ አጣሩት።»

«ወረቀቱ ሲለጠፍ አላየኸውም? በየመንገዱ አለ እኮ።»

«ፎቶዋን ማየት አልቻልኩም ሳጅን። ፊቴን አዙሬ ነው የማልፈው።»

መቅደላ አመነችው። ማንም ያምነው ነበር። የበላይ ቃል በአንድ በኩል፣ የዓሪፍ ቃል በሌላ በኩል ሆነ፤ ክብደቱም እኩል አልነበረም።

ሂሩት ዓሪፍን ወደ ግቢው አሰናብታ ወንዳወቅን፣ መቅደላንና በላይን አንድ ላይ አስገባች። የበላይ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። በሩን ዘጋች።

«ወረቀቱ ላይ ባለው ቁጥር እንደገና ደውል» አለችው ወንዳወቅን። «ድምፁን ክፈተው።»

ጠራ። ጠራ። ሊዘጋ ሲል ተነሳ።

«ሃሎ» አለ የወንድ ድምፅ፣ ታፍኖ።

«ስለ ጠፋችው ልጅ ነበር።»

«ተገኝታለች። አልሐምዱሊላህ፣ ቤቷ ገብታለች። እግዜር ይስጥልን።»

ተዘጋ። በላይ ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ እንደዘረጋ ፈዝዞ ነበር። ያነሳው እሱ እንዳልሆነ ሁሉም አዩ።

ሂሩት ግን ወደ እነሱ አልነበረም የምታየው። መስኮቱ አጠገብ ቆማ ነበር። መቅደላ ተነስታ በትከሻዋ ላይ አሻግራ አየች። ጋሽ እንድሪስ ዛፉ ሥር ብቻቸውን ናቸው። ዓሪፍ ከእሳቸው ርቆ፣ ከአጥሩ ጥግ ጀርባውን ለወንድሙ ሰጥቶ፣ አንድ ትንሽ ስልክ ከጆሮው አውርዶ ኪሱ ሲከት አየችው። ከሌላው ኪሱ ደግሞ ትልቁን ስልኩን አውጥቶ ሰዓት ተመለከተ።

«ያዙት!» አለች መቅደላ ሳታስበው።

«ዝም በይ» አለች ሂሩት። «ተቀመጪ።»

«አየሽው እኮ።»

«አየሁት። ብይዘው አፉን ይዘጋል። እሱ አፉን ሲዘጋ ልጅቱን የያዙት ሰዎች ዛሬውኑ ወደ በረሃ ያሻግሯታል። ሐራ ታይታለች፤ ሐራ ደግሞ ደላሎች ሰው የሚያሻግሩባት ከተማ ናት። የትኛው ቤት እንደሆነች የሚያውቀው እሱ ነው።»

«ደውሎ ቢያስጠነቅቃቸውስ?» አለ ወንዳወቅ።

«ከቀትር ጀምሮ ሐራ ኔትወርክ የለም። የኛም ሰዎች አልተገኙልኝም። ሊነግራቸው ከፈለገ በአካል መሄድ አለበት።» ቆብዋን አነሳች። «ኔትወርኩ ሳይመለስ።»

ወደ ግቢው ወጣች። ሁለቱን ወንድማማቾች አንድ ላይ ጠርታ በዝግታ ተናገረች። ዓቢዳ ሐራ ታይታለች የሚል ጥቆማ ደርሷል፤ ሰው እየተሰበሰበ ነው፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ቤት ለቤት ይፈተሻል።

ጋሽ እንድሪስ ከተቀመጡበት ተነሱ።

«ዛሬስ? አሁንስ?»

«ኃይል የለንም አባቴ። ነገ።»

«ልጄ ሐራ ሆና እኔ እዚህ ላድር?»

ዓሪፍ ክንዳቸውን ያዘ። «ሳጅን ያለችውን እንስማ ጋሼ። እኔ ቤት ደርሼ ለሩቂያ ልንገራትና እመለሳለሁ። አንተ እዚሁ ሁን።»

ሄደ። ከበሩ እስኪወጣ ድረስ አልሮጠም። ትንሽ ቆይቶ የደንብ ልብስ ያልለበሱ ሁለት ሰዎች ተከትለውት ወጡ። ሂሩትም ሰሌዳው የግል በሆነ ፒክአፕ ልትገባ ስትል መቅደላ ጆሮ ላይ ጎንበስ አለች።

«ከሽማግሌው ጋር ሁኚ። ለወንድማቸው እንዳይደውሉ። ምንም እንዳትነግሪያቸው።»

ከዚያ የከፋ ጊዜ መቅደላ በሕይወቷ አላሳለፈችም።

ፀሐዩ ወደ ተራራው እያዘነበለ ነበር። ጋሽ እንድሪስ መስገጃቸውን አንጥፈው የዓሱርን ሶላት ሰገዱ። ጨርሰው አጠገቧ ተቀመጡ። ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«ሐራ ምን ወሰዳት?» አሉ። «ሐራ የምታውቀው ሰው የለም።»

«እንጃ ጋሼ።»

«ዓሪፍ ባይኖር ምን እሆን ነበር? አባታችን ሲሞት እሱ ገና ዳዴ ይል ነበር። በትከሻዬ ተሸክሜ ነው ያሳደግሁት። ወደ እርሻ ስሄድ ከጀርባዬ አይወርድም። በሬዬን ሸጬ ነው ሱቅ ያስከፈትሁት፤ አልቆጨኝም። እሱም ልጄን ስሰጠው ልጄ ናት ብሎ ተቀበለኝ።»

መቅደላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እሳቸው ለልጃቸው ያለቀሰች መሰላቸው።

«አይዞሽ የኔ ልጅ። አላህ አለ።»

ጥላው ግቢውን ሞላው። አንድ መኪና በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ሁለቱም ቀና ይላሉ። ኔትወርኩ ተመልሶ ቢሆንስ? ሰውየው ነቅቶ መንገድ ቀይሮ ቢሆንስ? መቅደላ የራሷን ስልክ ለማየት እንኳ ፈራች።

«ዓሪፍ ቆየ» አሉ ጋሽ እንድሪስ። ስልኩን ዘረጉላት። «ደውይልኝ እስቲ።»

ስልኩን ተቀብላ መልሳ እጃቸው ላይ አስቀመጠችው።

«አናስይዘው ጋሼ። ምናልባት ሰው ይደውል ይሆናል።»

አዩዋት። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እውነትሽን ነው» አሉ፣ ስልኩንም ጭናቸው ላይ አደረጉት።

ሊመሽ ሲል ፒክአፑ ገባ። መጀመሪያ ሂሩት ወረደች። ከዚያ ከኋላ ወንበር ሦስት ልጃገረዶች ተራ በተራ ወረዱ። የመጨረሻዋ አቧራ የለበሰ ዩኒፎርም ለብሳ ነበር።

ጋሽ እንድሪስ አልጮኹም። ሁለት እርምጃ ሄደው ቁጭ አሉ። ዓቢዳ ሮጣ አብራቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። ጭንቅላቷን ይዘው፣ ፊቷን እየዳሰሱ፣ ስሟን ብቻ ደጋገሙት።

ቀና ሲሉ ዓሪፍን አዩት። ከመኪናው ኋላ በኩል በካቴና ታስሮ ሲወርድ። ከእሱ ጋር አንድ የማያውቁት ጎረምሳም ታስሯል።

«ዓሪፍን ለምን አሰራችሁት?» አሉ። «ልጄን ያገኘልኝ እሱ አይደል?»

ማንም አልመለሰላቸውም። ዓሪፍ መሬት መሬቱን ያያል።

«ሳጅን፣ እጁን ፍቱት። ወንድሜ ነው።»

«አባቴ» አለች ሂሩት፣ «ወደተደበቀችበት ቤት የመራን እሱ ነው። እየመራን መሆኑን ግን አላወቀም። በሩን በራሱ ቁልፍ ከፍቶ፣ ቶሎ በሉ፣ ሌሊቱን ውጡ ሲላቸው ነው የያዝነው። ልጅዎን አይተው የደወሉ ሰዎች ሁሉ ድምፃቸው የደረሰው እሱ ኪስ ነው።»

ጋሽ እንድሪስ ቃሉን ለመስማት የዘገዩ መሰሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሱና ወንድማቸው ፊት ቆሙ።

«በል ንገረኝ። ውሸት ነው በለኝ።»

ዓሪፍ ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ።

«ንገረኝ ዓሪፍ።»

«ኢሳቅ ተይዞብኝ ነው» አለ። «በሕይወት አለ። ባሕሩን ሳይሻገር በረሃ ላይ የያዙት ሰዎች ደወሉልኝ። ሲመቱት አሰሙኝ። እየጠራኝ... ያለኝን ሁሉ ላክሁ። ሱቁ ውስጥ ያለው ዕቃ እንኳ የኔ አይደለም። በኋላ ገንዘብ አንፈልግም አሉ። ሦስት ሴት ልጆች ሐራ ድረስ አድርስ፣ ልጅህን እንለቃለን አሉኝ።»

«ሦስት» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«ሁለቱ ራሳቸው መሄድ የሚፈልጉ ነበሩ። ሥራ አለ ብዬ አመጣኋቸው። ሦስተኛዋ ጠፋችኝ። ቀኑ ደረሰብኝ። ያን ሌሊት ዓቢዳ ቤት ውስጥ እያጠናች ነበር...»

የቀረውን ዓቢዳ የአባቷን ክንድ ይዛ ተናገረች።

«ኢሳቅ ተመልሶ ሐራ ታሞ ተኝቷል አለኝ። ሰው እንዲያየው አፍሯል፣ ዓቢዳን ብቻ ጥራልኝ ብሏል፣ ለማንም እንዳትነግሪ አለኝ። ከኢሳቅ ጋር አብረን ነው ያደግነው አባ። ሄድኩ። ስገባ በሩን ቆለፉብኝ።»

«ወረቀቱንስ?» አለች መቅደላ፣ ድንገት። ሁሉም ዞሩ። «ለምን እኔ ቤት? ለምን በበላይ እጅ?»

ዓሪፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

«ወንድሜ ማስታወቂያ ይውጣ ካለ እንዴት እምቢ እላለሁ? ሌላ ኮፒ ቤት ብሄድ ወረቀቱን ያዩታል፣ ይጠይቁኛል። አንቺ አውቀሽዋል። ስለምታዝኚ አታዪውም ብዬ ነው። ቢነቃብኝም ያሳፈራትን ልጅ ይጠረጥራሉ አልኩ።»

ጋሽ እንድሪስ አንድ እርምጃ ወደ ወንድማቸው ቀረቡ። ሊመቱት የመሰለው አንድ ፖሊስ ጠጋ አለ። ግን እጃቸውን አላነሱም።

«ለኔ ብትነግረኝ» አሉ፣ «እኔ በእግሬ አልሄድልህም ነበር? እኔን በሰጠሃቸው።»

ዓሪፍ አለቀሰ። ወደ ውስጥ ሲወስዱት ካቴናው እየጮኸ ሄደ። በላይ ተፈትቶ ሲወጣ በሩ ላይ ተላለፉ፤ ሁለቱም አልተያዩም።

ሂሩት የዓቢዳን ቃል አሁኑኑ ልትቀበል አልፈለገችም። ነገ ይደርሳል አለች። ጎረምሳው ስልኩ ተይዟል፣ በእሱ በኩል ኢሳቅን የያዙትን እንፈልጋለን፣ ምንም ቃል ግን አልገባም አለቻቸው።

ዓቢዳ ሊወጡ ሲሉ ቆመች።

«አባ፣ ያ የታሰረው ጎረምሳ ኔትወርክ ሳይጠፋ ከሰዎቹ ጋር ሲያወራ ሰምቻለሁ። ኢሳቅን አገናኙት። ድምፁን ሰማሁት። እናቴን አለሁ በሏት ይል ነበር።»

«መቼ?»

«ትናንት።»

ጋሽ እንድሪስ ጋቢያቸውን አውልቀው ልጃቸውን አለበሷት። መቅደላ ባጃጅ ልጥራላችሁ፣ ለማታው የመርሳ መኪና ትደርሳላችሁ አለቻቸው።

«መርሳ በኋላ ነው» አሉ። «መጀመሪያ ሩቂያ ጋ እንሄዳለን። እሷ ይሄን ሁሉ አታውቅም። ባሏ መታሰሩን ከጎረቤት ሳትሰማ፣ ልጇ በሕይወት እንዳለ ከዓቢዳ አፍ ትስማ።»

በላይ ከአጥሩ ውጪ ባጃጁን እያስነሳ ነበር። ምንም ሳይጠየቅ ወደ በሩ አስጠጋላቸው። አባትና ልጅ ተደጋግፈው ገቡ።